የተሠራ መልስ ማንበብ አልጀብራ መማር አይደለም

የአልጀብራ አጋዥ መጽሐፍ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጥራዝ ይይዛል፤ የቀመሮች አጭር ማስታወሻ፣ ደረጃ በደረጃ ተሠርተው የቀረቡ ምሳሌዎች፣ እንዲሁም ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው። ተማሪዎች «ሪፈረንስ» ወይም «ጋይድ» ይሉታል። በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ወይም በቴሌግራም ሲዘዋወር ደግሞ «ሺት» ይባላል። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጀውም፣ በሪሚዲያል ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ የገባውም፣ የፍሬሽማን ሒሳብ የሚወስደውም ተማሪ ከእነዚህ አንዱን ሳይዝ አይገኝም።

ስለ አጠቃቀሙ የሰፈነው አስተሳሰብ አጭርና ግልጽ ነው። ብዙ የተሠራ ጥያቄ ያየ ተማሪ አልጀብራ ያውቃል፤ ብዙ ሺት የጨረሰ ፈተና ያልፋል፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነአሠራራቸው የያዘ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ወላጅ ገንዘቡን የሚያወጣው፣ አስጠኚ ቱቶሪያሉን የሚያዘጋጀው፣ ተማሪም ሌሊቱን የሚያነጋው በዚህ እምነት ነው። እምነቱ ግን ስህተት ነው። አጋዥ መጽሐፍ የሚጠቅመው ተማሪው የራሱን ስህተት ፈልጎ እንዲያገኝና እንዲያርም ሲያግዘው ብቻ ነው። ራሱ ሳይሞክር መልሱን የሚያነብ ተማሪ ከመጽሐፉ የሚያተርፈው የማወቅ ስሜት ነው፤ ይህ ስሜት ፈተና ክፍል ድረስ አብሮት ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ ይከዳዋል።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተስፋፋም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጡት ውጤቶች አገሩን ሁሉ አስደንግጠዋል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ይህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ አጋዥ መጽሐፍ አመጣው የሚል አይኖርም። ድንጋጤው ግን ተማሪውን ወደ አጋዥ መጽሐፍ ገፍቶታል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁት የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውሉ የታተመው ቅጂ በየተማሪው እጅ ቶሎ ስላልደረሰ ብዙው ከስልክ ላይ ፒዲኤፍ እያነበበ ተምሯል። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ሁለቱም ተማሪውን ይበልጥ ወደ አጋዥ መጽሐፍ ገፍተውታል።

ጉዳዩ ከትልቅ ከተማ ሲርቅ ይከብዳል። ለምሳሌ ቁንዝላ በሰሜን አቸፈር ወረዳ፣ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ከሚቆምባቸው ወደቦችም አንዷ ናት። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ የሚቀበለው በዚሁ አካባቢ ነው። ለአካባቢው ልጅ የምሕንድስና ሥራ በደጁ የሚታይ ነገር ነው። ወደዚያ ሙያ የሚያስገባው በር ሒሳብ መሆኑንም ያውቃል። የራቀው የሚያስጠናው ሰው ነው፤ የቱቶሪያል ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው አስጠኚ ያሉት ባሕር ዳር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አጋዥ መጽሐፍ የመምህርን ወንበር ይይዛል። ስለዚህ መጽሐፉ ይቅር የሚለው ሐሳብ ለክርክርም አይቀርብም። ተማሪው እጁ ላይ ያለውን አንድ መጽሐፍ እንዴት ይጠቀምበት የሚለው ግን ዕጣውን የሚወስን ጥያቄ ነው።

በኢትዮጵያ የኮሌጅ አልጀብራ የሚባለው ትምህርት በአንድ ክፍል ተጠቃሎ አይሰጥም። የኢኩዌሽንና የኢንኢኳሊቲ አፈታት በ9ኛ ክፍል፣ ፖሊኖሚያል፣ ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም በ10ኛ፣ ራሽናል ፈንክሽንና ማትሪክስ በ11ኛ፣ ሲኩዌንስና ሲሪስ በ12ኛ ክፍል ይመጣሉ። ዩኒቨርሲቲ የገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመት ሒሳቡ ሎጂክና የስብስብ ትምህርት፣ ሪያልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽኖችና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይጠብቁታል። እያንዳንዱ ምዕራፍ በበፊቱ ላይ የቆመ ነው። በዚህ ምክንያት የአልጀብራ ችግር የሚታይበት ቦታና የተፈጠረበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አይገናኙም።

አንድ ተማሪ ሎጋሪዝም ከበደኝ ይላል እንበል። የተሰጠው ጥያቄ ቤዙ 2 የሆነ የኤክስ ሎጋሪዝም ሲደመር ቤዙ 2 የሆነ የ(ኤክስ − 2) ሎጋሪዝም 3 ይሆናል የሚል ነው። ሁለቱን ሎጋሪዝሞች ወደ አንድ የሚያጠቃልለውን ሕግ ያውቀዋል፤ ኤክስ(ኤክስ − 2) = 8 እስከሚለው መስመር በደህና ይደርሳል። ኤክስ² − 2ኤክስ − 8 = 0 ሲሆን ግን ይደናቀፋል፤ ወይ ፋክተር ማድረግ ያቅተዋል፣ ወይ 4ንም −2ንም መልስ አድርጎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ጉድለት የ9ኛ ክፍል ነው። ሁለተኛው ሎጋሪዝም የሚኖረው ለፖዘቲቭ ቁጥር ብቻ መሆኑን ሥራ ላይ አለማዋል ነው። ይህ ተማሪ የአጋዥ መጽሐፉን የሎጋሪዝም ምዕራፍ ደጋግሞ ቢያነበው የሚደጋግመው የሚያውቀውን ነው። መጽሐፉ በምዕራፍ ተከፍሏል፤ የተማሪው ክፍተት ደግሞ በምዕራፍ አልተከፈለም። ክፍተቱ የት እንዳለ የሚነግረው በባዶ ወረቀት ላይ ሞክሮ የቆመበት መስመር ብቻ ነው።

የተሠራ ምሳሌ ማንበብ ይህን ክፍተት እንዴት እንደሚደብቅ ለማየት አንድ የታወቀ ዓይነት ጥያቄ ይበቃል። 2 ÷ (ኤክስ − 1) > 1 የሚለው ኢንኢኳሊቲ ተሰጥቶ ኤክስ የት እንደሚገኝ ይጠየቃል። አጋዥ መጽሐፉ 1ን ወደ ግራ ያመጣዋል፤ አንድ ላይ ሲጠቃለል (3 − ኤክስ) ÷ (ኤክስ − 1) > 0 ይሆናል። ከዚያ የምልክት ሰንጠረዥ ይሠራና ኤክስ በ1 እና በ3 መካከል ነው ብሎ ይደመድማል። ተማሪው መስመር በመስመር ይከተላል። ሁሉም መስመር ትክክል ነው፤ አንዱም አያስቸግረውም፤ ገባኝ ብሎ ያልፋል።

ይኸው ተማሪ በማግሥቱ መጽሐፉን ዘግቶ ተመሳሳይ ጥያቄ ቢሰጠው እጁ የሚሄደው ወደ ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱንም ወገን በ(ኤክስ − 1) ያባዛል፤ 2 > ኤክስ − 1 ያገኛል፤ ኤክስ < 3 ብሎ ይጨርሳል። ይህ መልስ ፈተናው ላይ ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ ሆኖ ቢጠብቀው አይገርምም፤ ጥሩ ፈታኝ የስህተት ምርጫዎችን የሚያወጣው ተማሪዎች ከሚሳሳቱት ስህተት ነውና። ስህተቱን ለመያዝ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ኤክስ 0 ይሁን፤ 0 ከ3 ያንሳል። 2 ሲካፈል ለ −1 ደግሞ −2 ነው፤ −2 ከ1 አይበልጥም። መልሱ ወደቀ።

መጽሐፉ ሳይናገር የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ለምን በ(ኤክስ − 1) እንዳላባዛ። በኔጌቲቭ ቁጥር ሲባዛ የኢንኢኳሊቲ ምልክት ይገለበጣል፤ (ኤክስ − 1) ደግሞ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ገና አልታወቀም። ተማሪው ይህን ሕግ በቁጥር ሲሆን አይስተውም። በፊደል ተሸፍኖ ሲመጣ ግን አያውቀውም። የተሠራ ምሳሌ ትክክለኛውን መንገድ ብቻ ስለሚያሳይ የተሳሳተው መንገድ የት ላይ እንደሚገነጠል አይታይበትም። ተማሪው ራሱ በተሳሳተው መንገድ ሄዶ፣ በአንድ ቁጥር ፈትኖ፣ ወድቆ ሲያየው ግን የመጽሐፉ ሁለተኛ መስመር ለምን እንደተጻፈ በቅጽበት ይገባዋል። ያን ጊዜ የመጽሐፉን አሠራር ቢያነብ ንባቡ ፍሬ አለው።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን የመሸምደድ ልማድም በዚሁ ፈተና ይወድቃል። √(ኤክስ + 3) = ኤክስ − 3 የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። ሁለቱም ወገን ስኩዌር ሲደረግ ኤክስ² − 7ኤክስ + 6 = 0 ይመጣል፤ 1 እና 6 ይገኛሉ። 6 ሲተካ በግራ √9 ማለትም 3፣ በቀኝም 3 ስለሆነ ልክ ነው። 1 ሲተካ በግራ 2፣ በቀኝ −2 ስለሚሆን ይጣላል። ይህን ጥያቄ የሸመደደ ተማሪ «ትልቁ ይያዛል፣ ትንሹ ይጣላል» የሚል ደንብ ይዞ ይሄዳል። አሁን ከቀኝ ያለው ብቻ ተገልብጦ √(ኤክስ + 3) = 3 − ኤክስ ይሁን። ስኩዌር ሲደረግ የሚመጣው ኳድራቲክ ያው ራሱ ነው፤ የሚገኙት ቁጥሮችም ያው 1 እና 6 ናቸው። አሁን ልክ የሚሆነው ግን 1 ነው፤ በግራም በቀኝም 2 ይሰጣል። 6 ሲተካ በግራ 3፣ በቀኝ −3 ስለሚሆን የሚጣለው እሱ ነው። ጥያቄው የተለወጠው በምልክት ብቻ ነው፤ ሽምደዳው ተማሪውን በቀጥታ ወደ ስህተቱ ይመራዋል። ስኩዌር ማድረግ የምልክትን ልዩነት እንደሚያጠፋ የተረዳ ተማሪ ግን ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ዕውቀት ይመልሳል።

ራስን መፈተን ከንባብ እንደሚበልጥ የግምት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎች በቁጥር ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ጽሑፉ ተነሥቶበት ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81፣ ራሳቸውን የፈተኑት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት ወደ 42 ሲያሽቆለቁሉ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ላይ ቆዩ። ደግሞ ማንበብ የሚያሸንፈው ወዲያው ሲለካ ነው፤ ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ከጥናቱ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

በሒሳብ የተደረገው ጥናት ልዩነቱን የበለጠ ያጎላዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር የኮሌጅ ተማሪዎችን የልዩ ልዩ ቅርጾችን ይዘት ማስላት አስተማሩ። አንዱ ቡድን አንድን ዓይነት ጥያቄ ሠርቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አልሄደም፤ ሌላው ቡድን የተደባለቁ ጥያቄዎችን ሠራ። ልምምዱ ላይ የመጀመሪያው ቡድን 89፣ ሁለተኛው 60 በመቶ አገኘ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 63 በመቶ አመጣ። አጋዥ መጽሐፍና ሺት የሚዘጋጁት በመጀመሪያው ቡድን ሥርዓት ነው፤ «የኳድራቲክ ጥያቄዎች» በሚል ርእስ ሥር ሃያ ኳድራቲክ ይደረደራል። የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ ርእሱ አስቀድሞ ለተማሪው ነግሮታል። ፈተናው ላይ ርእስ የለም። ዘዴውን መምረጥ የአልጀብራ ግማሽ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው ያልተለማመደው እሱን ነው።

የሰፈነው አስተሳሰብ ጠንካራ መከራከሪያ የለውም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ከሁሉ የሚጠነክረው ጀማሪ ያልተማረውን ከየት አምጥቶ ይሠራል የሚለው ነው። ይህ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር በራሱ በአልጀብራ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለጀማሪዎች የተሠራ ምሳሌ ማጥናት ጥያቄን በጥፍር ከመቧጠጥ እንደሚሻል አሳይተዋል። ይሁን እንጂ የእነሱ ተማሪዎች መቶ ምሳሌ በተከታታይ አላነበቡም። አንድ ምሳሌ አይተው ወዲያው ተመሳሳዩን ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ምሳሌው የሥራው መግቢያ እንጂ ምትኩ አልነበረም። ዘዴው የሚጠቅመውም ለአዲስ ነገር ነው። ክለሳ ላይ ያለ ተማሪ ግን ትምህርቱን አንድ ጊዜ አልፎበታል፤ የሚያስፈልገው ከተማረው የቱ እንደቀረና የቱ እንደጠፋ ማወቅ ነው። ለዚህ መጀመሪያ መሞከር፣ ቀጥሎ ማየት ይሻላል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ጊዜ የለም የሚለው ነው፤ ፈተናው ሲቃረብ ስህተትን እየቆፈሩ መቀመጥ ቅንጦት ይመስላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአንድ ሌሊት ሠላሳ የተሠሩ ጥያቄዎችን ያነበበ ተማሪ ሠላሳውንም ሊረሳቸው ይችላል፤ ስድስት ሠርቶ ሁለት ስህተቱን ያረመ ግን እነዚያ ሁለት ስህተቶች ሊደገሙባቸው በሚችሉ ጥያቄዎች ሁሉ ላይ አትርፏል። ምልክት የመሳት ልማድ በኢንኢኳሊቲ ብቻ ሳይሆን በማትሪክስም፣ በካልኩለስም ይከተላል። ለተማሪው (ሀ + ለ)² እና ሀ² + ለ² አንድ ይመስሉታል እንበል፤ (3 + 4)² 49 ሆኖ 9 ሲደመር 16 ግን 25 መሆኑን አንድ ጊዜ በእጁ ካየ ስህተቱ ከብዙ ምዕራፎች ላይ አብሮ ይነቀላል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ፈተናው የምርጫ ስለሆነ ጥልቅ ማወቅ አያስፈልግም፣ ብልሃትና ፍጥነት ይበቃል የሚል ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ በዘፈቀደ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ የሚያገኘው 25 በመቶ ነው፤ የማለፊያው ግማሽ ማለት ነው። የቀረውን የሚያመጣው ዕውቀት ነው። ፍጥነትም ቢሆን ከንባብ አይገኝም። ፋክተር ማድረግን በእጁ የለመደ ተማሪ በሴኮንዶች የሚጨርሰውን፣ ሲሠራ ብቻ ያየ ተማሪ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ምርጫዎቹን እየተካ የሚሞክር ተማሪ ደግሞ ፈተናው ራሱ የሰጠውን ዕድል ይጠቀማል፤ ይህ ደግሞ መልስን ራስ የመፈተን ልማድ ውጤት ነው።

ከዚህ ላይ አልጀብራን ከሌላው ትምህርት የሚለየው ትልቅ ነገር ይገኛል። የታሪክ ተማሪ የጻፈው መልስ ልክ መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ ወይም መምህር ያስፈልገዋል። የአልጀብራ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ያገኘውን ቁጥር መጀመሪያ በተሰጠው ኢኩዌሽን ውስጥ ተክቶ ሁለቱ ወገኖች እኩል መሆናቸውን ያያል፤ መልሱ ልክ ይሁን አይሁን የሚመሰክረው ጥያቄው ራሱ ነው። አስጠኚ ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ቁንዝላ የተቀመጠው ተማሪና አዲስ አበባ በቱቶሪያል የሚማረው ተማሪ መልሳቸውን የሚፈትኑበት ዳኛ አንድ ነው፤ ክፍያም አይጠይቅም። መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ገልጦ ማየትን የለመደ ተማሪ ይህን ዳኛ ከእጁ ይጥላል። ያየውን መልስም እንዳለ ያምናል፤ በችኮላ ተባዝተው የሚዘዋወሩ ሺቶች ደግሞ የመልስ ስህተት አይጠፋባቸውም። መተካት የለመደ ተማሪ የሺቱን ስህተት ራሱ ይይዛል፤ ያልለመደው ትክክለኛውን ሥራውን ሰርዞ የሺቱን ስህተት ይገለብጣል።

አጋዥ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ሌላ ሥራም አለ፤ ኢኩዌሽኑን ራሱን ማቋቋም። ከጣና ዳር ያለ አንድ ገበሬ 200 ሜትር ሽቦ አለው እንበል። ሐይቁ አንዱን ወገን ስለሚዘጋለት በሦስት ወገን ብቻ አጥሮ በተቻለ መጠን ሰፊ የሆነ አራት ማዕዘን መሬት ይፈልጋል። ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው ኤክስ ሜትር ቢሆኑ ለሦስተኛው የሚተርፈው 200 − 2ኤክስ ነው፤ ስፋቱም ኤክስ(200 − 2ኤክስ) ይሆናል። መጽሐፉ ከዚህ ተነሥቶ በቀመር 50 ይላል፤ ይጨርሳል። ተማሪው ግን ቀመሩን ሳያይ ቁጥር ቢሞክር ብዙ ያገኛል። 40 ሲሆን 4,800 ካሬ ሜትር፤ 60 ሲሆንም 4,800። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጫፉ መሐላቸው ነው፤ በ50 ላይ 5,000 ይሆናል። ቀመሩ ከየት እንደመጣ በዚህ ይገለጥለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢረሳው እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

ራስ ሞክሮ የመታረም የትምህርት ሥርዓት ቁንዝላ ላለችበት ለጎጃም ባዕድ አይደለም። ዋሸራን በመሳሰሉ የታወቁ የቅኔ ጉባኤያት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ሰምና ወርቁን ያያል፤ ነገር ግን የሌላውን ቅኔ በማጥናት ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ባለ ሁለት ቤቷን ሳያጸና ወደ ረጅሙ መወድስ አይዘልም። የአብነት ትምህርት ሽምደዳ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ክፍል ይዘነጉታል። በቃል የሚያዘው ንባብና ዜማ ነው፤ ቅኔ ግን በየዕለቱ አዲስ ይሠራል። አልጀብራም የሚያስፈልገው ይኸው ሥርዓት ነው፤ መቁጠር፣ መታረም፣ ደረጃን አለመዝለል።

ትክክለኛው የአጋዥ መጽሐፍ አጠቃቀም ከዚህ ሁሉ በግልጽ ይወጣል። ክለሳ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከሙከራ ነው። ከየምዕራፉ አንድ ሁለት ጥያቄ ተመርጦ መልሱ ተሸፍኖ ይሠራል፤ እያንዳንዱ መልስ ተተክቶ ይፈተናል። የወደቀው ጥያቄ የቆመበት መስመር ይሰመርበታል፤ ያ መስመር የየትኛው ክፍል ትምህርት እንደሆነ ይጠየቃል፤ ተማሪው 12ኛ ክፍል ቢሆንም ወደ 9ኛ ወይም ወደ 7ኛ ክፍል መጽሐፍ ይመለሳል። የምዕራፉን ምሳሌ የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲያነብም ከእያንዳንዱ መስመር በፊት ቆም ብሎ ቀጣዩ ምን እንደሚሆን በራሱ ይጽፋል፣ ከተለየበት ለምን እንደተለየ ያጣራል። ስህተቶቹን በአንድ ደብተር ላይ ይመዘግባል፤ የተሳሳተውን መስመርም የታረመውንም ጎን ለጎን ይጽፋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቀጥሎም ከሳምንታት በኋላ፣ እነዚያኑ ጥያቄዎች ቁጥራቸውን ለውጦና ከሌላ ምዕራፍ ጋር ደባልቆ እንደገና ይሠራል። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ለመጨረሻ ይቀመጣሉ፤ የሚሠሩትም ሰዓት ተይዞ፣ መልስ ሳይታይ፣ እንደ ፈተና ነው።

ይህ አጠቃቀም ብዙ መጽሐፍ አይጠይቅም፤ ድህነትንም ይችላል። አራት ተማሪዎች አንድ አጋዥ መጽሐፍ ቢኖራቸው አንዱ መጽሐፉን ይዞ ጥያቄውን ያነባል፤ ሦስቱ በየወረቀታቸው ይሠራሉ፤ መልስ ከመገለጡ በፊት እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ ነገ ሌላው ይይዛል። ለየብቻቸው አራት መጽሐፍ ቢኖራቸው ከሚያነቡት ይልቅ በዚህ ይጠቀማሉ፤ መልሱ ከዓይናቸው ርቆ ክርክሩ ቀርቧቸዋልና። ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ የሚያስቸግር ከሆነም በአማርኛ ተነጋግሮ ማብራራት የሚቻለው በዚሁ ጉባኤ ነው።

ኃላፊነቱ ግን በተማሪው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። አጋዥ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች መልሱን ከጥያቄው ሥር ከመደርደር ይልቅ በመጽሐፉ መጨረሻ ሊያደርጉት፣ የተለመደውን የተሳሳተ መንገድ ከትክክለኛው ጎን ሊያሳዩ፣ ከየምዕራፉ የተደባለቁ ጥያቄዎች ሊያካትቱ ይችላሉ። ይህን ለማድረግ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። አስጠኚዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጥያቄ ሠርተው እንዳሳዩ መቁጠር ትተው ተማሪው ስንት እንደሠራ ቢቆጥሩ ክፍያቸው ሐቀኛ ይሆናል። መምህራንም የተሳሳተ ሥራ ላይ ኤክስ ምልክት ከማድረግ አልፈው የተሳተበትን መስመር ቢያሳዩ፣ በሪሚዲያልና በፍሬሽማን ክፍሎችም ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ሙከራ ቢሰጥ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ወላጅ ደግሞ ልጁ ስንት መጽሐፍ እንደጨረሰ ከመጠየቅ ይልቅ ዛሬ የትኛውን ስህተቱን እንዳረመ ቢጠይቅ ልጁ የሚያስበው ስለዚያ ይሆናል።

የአንድ አጋዥ መጽሐፍ ዋጋ እንግዲህ በያዘው የመልስ ብዛት አይለካም። የሚለካው ተማሪው ከሱ ጋር ሆኖ በራሱ እጅ በሠራው፣ በራሱ ፈትኖ በጣለውና መልሶ ባቆመው ጥያቄ ነው። በዚህ መንገድ የተያዘ አንድ መጽሐፍ ባሕር ዳርም ሆነ ቁንዝላ ለአንድ ተማሪ በቂ ነው፤ በሌላው መንገድ የተያዘ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ግን ለማንም አይበቃም።